ዓይን ለእግር ምርኩዝ፤ ስለ ፓርኪንሰን ሕሙማን አካሄድና የማየት ኃይል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በጎጃም ደጋ ሰው ከሩቅ የሚለየው በፊቱ ሳይሆን በአረማመዱ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ከማዶው ጋራ ብቅ ያለውን መንገደኛ፣ ገና መልኩ ሳይለይ «እገሌ ነው» ብሎ የሚናገር ባላገር አይታጣም። ዱላውን በጫንቃው አጋድሞ ዳገቱን በሰፊ እርምጃ የሚወጣ ሰው አካሄዱ መታወቂያው ነው። ስለዚህም የአንድ ሰው እርምጃ ሲያጥር፣ ጀርባው ሲጎብጥ፣ አንድ ክንዱም መወዛወዙን ሲተው ለውጡን አስቀድሞ የሚያየው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤት ያየውን በትክክል ቢያይም የሚሰጠው ትርጓሜ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» የሚል ነው፤ አንዳንዱም «ልክፍት ነው» ይላል። ሕመምተኛውም ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዕድርና ከማኅበር ቀርቶ እቤቱ ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ የሚቀሩት ሰዎች ሁሉ በእርጅና ብቻ የቀሩ አይደሉም፤ ከእነርሱ ውስጥ የፓርኪንሰን ሕመም የያዛቸው አሉ።

የዚህ ንግግር ርእስ የሕመሙን ጠባይ ሁሉ ለመዘርዘር አይደለም። የሚመለከተው አንድ ብዙ ያልተነገረለትን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በፓርኪንሰን ሕመም የተያዘ ሰው የሚራመደው በእግሩ ብቻ ሳይሆን ከጤነኛው ሰው ይበልጥ በዓይኑ መሆኑንና ዓይኑ በታወከ ጊዜ አካሄዱም አብሮ የሚታወክ መሆኑን ነው። የዓይን በሽታ በእጅጉ በተስፋፋበት አገር ይህ ጉዳይ የጽንሰ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ የብዙ አረጋውያንን መውደቅና መነሣት የሚወስን ነው። (በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕመሙ ታሪክ ባጭሩ

ሕመሙ ስሙን ያገኘው በለንደን ሆክስተን በተባለው ሰፈር ይሠራ ከነበረው ከሐኪሙ ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ፓርኪንሰን በ1817 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ገለጸ። ከስድስቱ መካከል ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ በአጋጣሚ ሲሆን፣ አንዱን ደግሞ የተመለከተው ከሩቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሕመሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀው በአካሄድ ነው ለማለት ይቻላል። ፓርኪንሰን የሰውነትን ወደ ፊት ማዘንበልና ርምጃው ሳይፈልጉት ወደ ሩጫ መለወጡን በትክክል መዝግቧል። ነገር ግን የስሜት ሕዋሳትና አእምሮ በዚህ ሕመም አይነኩም ብሎ ጽፎ ነበር። ይህ አባባል ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ፤ የኋላ ኋላ ግን ትክክል አለመሆኑ ተረጋገጠ።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው አመለከተ። በ1960 በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪችና ባልደረባው በሕመሙ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ይኸው ዶፓሚን በእጅጉ አንሶ አገኙት። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ ሌቮዶፓ የተባለውን መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ሰጥቶ ሕሙማኑ ሲንቀሳቀሱ አሳየ። ካርልሰን ለሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ሌቮዶፓ ዛሬም የሕክምናው ዋና ምሰሶ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም ይኖሩ ነበር። በኢትዮጵያ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን የሸፈነ ጥናት አድርገው ውጤቱን በ1990 አሳትመዋል። በዚያ ጥናት የተገኘው የፓርኪንሰን ሕመም መጠን ከ100,000 ሰዎች 7 ነበር። ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ በጊዜው ከሕዝቡ አብዛኛው ወጣት እንደነበረና ሕመሙ በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚከሠት መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ቁጥሩም ከፍ ይላል።

ጤነኛው እንዴት ይራመዳል? ሕመምተኛውስ?

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እርምጃው አያስብም። ከባልንጀራው ጋር እየተጨዋወተ፣ የገበያውን ዋጋ እያሰላ፣ አህያውን እየነዳ ይሄዳል። እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል ሰፊ መሆን እንዳለበት የሚለካው በአንጎል ውስጥ ያለ፣ ባዛል ጋንግሊያ የተባለ ክፍል ነው፤ ሥራውንም የሚያከናውነው ሳይታወቅ በልማድ ነው። የፓርኪንሰን ሕመም የሚያጠቃው ይህንኑ ክፍል ነው። ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ልኬቱ ይዛባል፤ ሰውየው ሰፊ እርምጃ የተራመደ ሲመስለው እግሩ የሚሄደው ግማሹን ብቻ ይሆናል። ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ እግር በድንገት ከመሬት እንደተሰፋ ሆኖ ይቀራል፤ አካል ወደ ፊት ሲያዘነብል እግር ግን አይከተልም። ብዙዎች የሚወድቁት በዚህን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በደልዳላ ወለል ላይ እግሩ የተያዘበት ያው ሰው ደረጃ ሲያገኝ ይወጣል፤ በፊቱ የተጋደመ እንጨት ሲያይ ተሻግሮ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፐርደን ማርቲን በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በወለል ላይ ከመንገዱ አግድም የተሠመሩ መሥመሮች ሕሙማኑ እንዲራመዱ የሚረዱ መሆኑን ገልጾ ነበር። በ1990ዎቹ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ሜግ ሞሪስና ባልደረቦቿ ነገሩን በመለኪያ አረጋገጡ፤ መሥመሮቹ በትክክለኛው ርቀት ሲሠመሩ የሕሙማኑ እርምጃ ወደ ጤነኛው ሰው ልክ ይመለስ ነበር። ከዚህ የተገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው፤ የመራመድ ችሎታ አልጠፋም፤ የጠፋው ከውስጥ የሚመጣው ልኬት ነው። ልኬቱ ከውጭ በዓይን ከመጣ እግር ይታዘዛል።

በፈረንሳይ የተደረገና በ1999 የታተመ ጥናት ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አራመደው። ሕሙማኑ በመሥመሮቹ ላይ ሲሄዱ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም እንዲል ተደረገ። መሥመሮቹ ይታያሉ፤ ነገር ግን ሰው ሲራመድ መሬት ወደ ኋላ እየሸሸ የሚሄድ ሆኖ የሚታየው እንቅስቃሴ በብልጭታው ምክንያት ይቋረጣል። በዚህን ጊዜ የመሥመሮቹ ጥቅም ጠፋ። ስለዚህ ለሕመምተኛው የሚጠቅመው የመሥመሩ መኖር ብቻ ሳይሆን፣ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲያልፍ በዓይኑ መከተሉ ነው።

ዓይን የሚረዳውን ያህል ያሰናክላልም። በ2010 በታተመ የለንደን ጥናት እንደታየው፣ በር በጠበበ ቁጥር ሕሙማኑ ከጤነኞች ይልቅ እርምጃቸውን አብዝተው ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹም ከበሩ ላይ እግራቸው ይያዛል። በሩ አካልን የማይነካ ሰፊ ቢሆን እንኳ፣ ዓይን መጥበቡን ሲያይ እግር ይሰንፋል። የገጠር ቤት በር ጠባብና ዝቅተኛ ነው፤ ከውጭ ካለው የደጋ ፀሐይ ወደ ጨለማው ቤት ሲገባም ዓይን ለጥቂት ጊዜ ይጨልማል። ጠባብ በር፣ ከፍ ያለ ደፍና ድንገተኛ ጨለማ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ለሕመምተኛው ትልቅ ፈተና እንደሚሆኑ ለመረዳት አያዳግትም።

ሕመሙ በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

እግር በዓይን መደገፉ ከታወቀ፣ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ድጋፉ ራሱ ጤነኛ ነው ወይ የሚለው ነው። ዶፓሚን የሚገኘው በአንጎል ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ብርሃንን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ በሬቲናም ውስጥ ይገኛል። በፓርኪንሰን ሕመም ይህም ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ ሕመምተኛው ቀለማቸው የተቀራረበ ነገሮችን ለይቶ ማየት ይሳነዋል። ግራጫ ድንጋይ በግራጫ ጭቃ ውስጥ፣ የጉድጓድ አፍ በጥላ ውስጥ፣ የደፉ ጠርዝ ከወለሉ ጋር ይዋሐድበታል። ሁለቱ ዓይኖች ወደ ቅርብ ነገር አብረው መዞር ስለሚያቅታቸው አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ዳዊት የሚደግም ካህን ፊደሉ ተደራርቦበት መጽሐፉን የሚዘጋው በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዓይን ማርገብገብ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል፤ ይቆጠቁጣል። ሕመሙ ሲገፋ ወይም መድኃኒት ሲበዛ የሌለ ነገር እስከ ማየት የሚደርሱ አሉ፤ ይህንንም ሕመምተኛው «አበደ» እንዳይባል በመፍራት ይደብቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በሙያው ዘንድ ሊታሰብበት የሚገባው አንድ ነገር ነው። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ በነጭ ላይ የተጻፈ ደማቅ ጥቁር ምልክት ነው። በፓርኪንሰን ሕመም የተያዘ ሰው ይህን ሰሌዳ በደኅና ሊያነብ ይችላል፤ «ዓይንዎ ደኅና ነው» ተብሎም ይሰናበታል። ነገር ግን መንገድ በጥቁርና በነጭ የተጻፈ አይደለም። ሰሌዳውን ያነበበው ሰው ከግቢው ሳይወጣ ቦዩን ሳያይ ሊወድቅ ይችላል።

የጎጃም ሁኔታ

በ2005 እና 2006 በመላው ኢትዮጵያ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት እንዳሳየው ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ 3.7 በመቶ የሚሆነው የማየት ኃይሉ የደከመ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ በጥናቱ ጊዜ ከሁሉ በላይ ጠንቶ የተገኘው በአማራ ክልል ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በማደልና ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ፀጉርን በቀዶ ሕክምና በማቃናት ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ሆኖም የዛሬዎቹ አረጋውያን ሕፃናት በነበሩበት ዘመን ይህ ሁሉ አልነበረምና የዚያ ዘመን ጠባሳ በብዙዎች ዓይን ላይ አለ።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማየት ይገባል። በፓርኪንሰን ሕመም የተያዘ ሰው ከውስጥ ያጣውን ልኬት በዓይኑ ይተካል። ይህ ሰው የዓይን ሞራ ሲጋርደው የሚያጣው ማየትን ብቻ አይደለም፤ የመራመጃ ምርኩዙንም ጭምር ነው። ቤተሰቡ ግን «ሕመሙ ጠናበት» ይላል፤ ሐኪሙም የሌቮዶፓውን መጠን ይጨምራል። የጠናው ሕመሙ ሳይሆን ሞራው ከሆነ፣ የመድኃኒቱ መጨመር የሚያመጣው ጥቅም ሳይሆን ያልታዘዘ የአካል እንቅስቃሴና ቅዠት ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ከሰባ ዓመት በላይ በሆናቸው ሴቶች ላይ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናት፣ የአንድ ዓይን ሞራ በቶሎ የተነሣላቸው ከሚጠብቁት ይልቅ የመውደቃቸው መጠን በ34 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ አይደለም። ሆኖም በዓይኑ ያልተደገፈ አረጋዊ እንኳ ይህን ያህል ከተጠቀመ፣ አካሄዱ በዓይኑ ላይ የተንጠለጠለ ሰው መዘንጋት እንደማይገባው ግልጽ ነው።

ከሌሎች የአካሄድ ሕመሞች ስለ መለየት

በጎጃም አካሄድ የሚያበላሹ ሌሎች ሕመሞችም ስላሉ መለየቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ብዙ ሰው ያጠቃል፤ በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች በተደረገና በ2012 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶ ያህሉ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህ ግን በዓይን የሚታይ ስለሆነ አያሳስትም። ጓያ የሰበረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በወጣትነቱ፣ በድርቅ ዓመት ጓያ ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግቡ ሲሆን ነው፤ እግሮቹ ይገትራሉ፤ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠና ጉልበቶቹን እያፋተገ ይሄዳል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ፊቱም አይደርቅም። ፓርኪንሰን ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፤ በአንድ ወገን ይጀምራል፤ እጅ በዕረፍት ላይ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ይሰልላል፤ ጽሕፈት ይደቃል።

ከዚህም ሌላ ሕመምተኛው የወሰደውን መድኃኒት መጠየቅ ግዴታ ነው። ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የተባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለትውከት የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ፓርኪንሰን የሚመስል አካሄድ ያመጣሉ፤ መድኃኒቱ ሲቆም አካሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይመለሳል። መድኃኒቱን የማቆሙ ውሳኔ ግን የሐኪሙ እንጂ የቤተሰቡ አይደለም።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

አንደኛ፣ እግር የሚመረምር ሁሉ ዓይንም ይመርምር። ይህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሕመምተኛውን በሰፊው ግቢ፣ ከዚያም በበር በኩል እንዲያልፍ፣ ከዚያም እንዲዞር አድርጎ መመልከት ይበቃል። ቀጥሎም በወለሉ ላይ በጠመኔ ወይም በኖራ አግድም መሥመሮች አሥምሮ አካሄዱ ይሻሻል እንደሆነ ማየት ነው። ከተሻሻለ ዓይኑ ገና ሊረዳው ይችላል ማለት ነው። የዓይን ሞራ፣ የታጠፈ ፀጉር ወይም የመነጽር ችግር ከተገኘ «ፓርኪንሰን ስላለበት ምን ይጠቅመዋል» ሳይባል ወደ ዓይን ሕክምና መላክ አለበት፤ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለእርሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ የሚታዘዘው መድኃኒት በዓይን ላይ የሚያደርሰው ይታሰብበት። ለመንቀጥቀጡ የሚሰጠው ትራይሄክሲፈኒዲል የቅርብ ነገርን ማየት ያደበዝዛል፤ በአረጋውያንም ላይ የአእምሮ መደናገር ያመጣል፤ ለአንዳንድ የግላኮማ ዓይነቶችም አደገኛ ነው። እጁ ያረፈለት ሰው በዓይኑ መደብዘዝ ወድቆ ጭኑ ቢሰበር ትርፍ አልተገኘም።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ይማር። እግሩ የተያዘበትን ሰው በእጁ መጎተት ይጥለዋል እንጂ አያስኬደውም። መቆም፣ መተንፈስ፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ ከዚያም ከፊቱ ያለውን አንድ ምልክት እንዲሻገር መንገር ነው። የሚያስኬደው ሰው እግሩን በፊቱ ቢያጋድምለት እንኳ ምልክት ይሆነዋል። በቤት ውስጥ በእበት በተለቀለቀው ወለል ላይ ከመኝታ እስከ በር፣ ሰውየው በደኅና ጊዜው ይራመድ በነበረው ልክ በነጭ ኖራ መሥመር ማሥመር ይቻላል። የደፉም ጠርዝ እንዲሁ በነጭ ይቀባ። ሌሊት ለሽንት ሲወጣ ኩራዝም ሆነ የፀሐይ መብራት አይለየው፤ መሥመር በጨለማ አይታይምና። መሬት የነካ ጋቢና የረዘመ ቀሚስ እግርን ከዓይን ስለሚሸፍኑ ከፍ ተደርገው ይታጠቁ። ይህ ሁሉ ሕመሙን አይፈውስም፤ ልማድም ሲሆን ኃይሉ ሊቀንስ ስለሚችል ባለሙያው እየጎበኘ ሊያድሰው ይገባል።

አራተኛ፣ መድኃኒቱ ከአኗኗሩ ጋር ይስማማ። ሌቮዶፓ ገንቢ ምግብ ባለበት ሆድ ውስጥ በደንብ አይሠርግም፤ ስለዚህ ከሽሮው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውሰድ ይሻላል። ባቄላ በውስጡ ሌቮዶፓ እንዳለው ከ1913 ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም መጠኑ ስለማይለካ የመድኃኒቱ ምትክ ሊሆን አይችልም። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መድኃኒቱን የሚተው ሕመምተኛ ጠዋቱን እግሩ ታስሮ ይውላል፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥም ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለድውይ ያዝናልና ባለሙያው የንስሐ አባቱን አክብሮ ቢያነጋግር መፍትሔው ቅርብ ነው።

መደምደሚያ

ክቡራን ባልደረቦች፤

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጮቄ ግርጌ ያለው አረጋዊ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ብቻ ብዙ ይደክማል። የነርቭ ሐኪም በየወረዳው ይኖራል ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ ገና ሩቅ ነው። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የነርቭ ሐኪም አይጠብቅም። ነርሱ፣ ጤና መኮንኑ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሊፈጽሙት የሚችሉት ነው። የሚጠይቀውም ጠመኔ፣ ኖራ፣ ጥቂት ጊዜና አንድ ጥያቄ ነው፤ «አባባ፣ የሚረግጡት መሬት ይታይዎታል?»

ይህ ጥያቄ ባለመጠየቁ ምክንያት ሊራመድ የሚችል ሰው እንደ ሽባ ተቆጥሮ ከቤት የሚውል ከሆነ፣ ጥፋቱ የሕመሙ ብቻ አይደለም፤ የሙያውም ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ሞራው ተነሥቶለት፣ ደፉ ነጭ ተቀብቶለት፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ደርሶት በገዛ እግሩ ዕድሩ ላይ የሚገኝ አንድ አረጋዊ፣ በቀበሌው «እርጅና ነው» ተብለው ለተተዉት ሁሉ ምስክር ይሆናል። የእርሱን አካሄድ ያየ ጎረቤት የራሱን አባት ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣል።